መሳቢያ ውስጥ የቀረው መዝጊያ

አሳንሰሩ ከተበላሸ አራተኛ ወሩን ይዟል፤ ስለዚህ ሐኪሙም ጠያቂውም በደረጃ ነው የሚወጣው። አዛውንቱ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ ከላይ የምትወርደውን የእህታቸውን ልጅ አገኟት። እሷም የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት፤ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። በዚህ ሆስፒታል ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ዓርብ ጡረታ ሊወጡ ነው። ሠራተኛው በሌሉበት «ዶክተር ቁልፍ» ይላቸዋል፤ የቢሯቸውን መሳቢያ ቁልፍ ከአንገታቸው አውርደው አያውቁምና።

«ጋሼ፣ እንኳን አገኘሁዎት» አለች ወረቀት እያወጣች። «ዓርብ ሽኝትዎ ላይ የሕይወት ታሪክዎን የማነበው እኔ ነኝ። ትምህርትዎን ጽፌያለሁ፣ አገልግሎትዎን ጽፌያለሁ። ‹ፈጠራዎች› የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ።»

«ዝለይው።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ዝለይው አልኩ። አሁን ልቀቂኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሲስተርን ውሃ እኔ ራሴ ነኝ የማወጣው።»

ሲስተር የሚሏት ሃያ ስድስት ዓመት አብራቸው የሠራችውን ነርስ ነው። ዛሬ ዘጠነኛው አልጋ ላይ የተኛችው ራሷ ናት፤ በሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል። እንዲህ ያለው ውሃ በመርፌና በቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወጣል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከሊትር ተኩል በላይ ከወጣ ሳንባው ይጎዳና ሕመምተኛው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ጠርሙሱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል፤ ልኩ ሲደርስ ቱቦውን ይዘጋል። እስከ ዛሬ ያ ሰው ሲስተር ነበረች።

«ገና ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው» አለች የእህት ልጅ። «መሳቢያው ውስጥ ያለውስ? ልኩ ሲደርስ ቱቦውን በራሱ የሚዘጋው?»

አዛውንቱ ዙሪያቸውን ገላመጡ። ከግድግዳው በቀር ሰሚ አልነበረም። «ድምፅሽን ቀንሺ!»

«ሠራሁት ካሉኝ ስድስት ዓመት ሆነ፤ እኔ እንኳ አላየሁትም። ለምን አያስመዘግቡትም? ፓተንት የሚባል ነገር አለ እኮ።»

«ፓተንት ማለት ለሌባ በር ከፍተሽ ዕቃሽን አንድ በአንድ ማሳየት ነው! ሥዕሉን አምጣ፣ አሠራሩን ጻፍ፣ አንዳች እንዳትደብቅ ይሉሻል። የግፊት መለኪያውን ረሳሽው?»

ማን ይረሳዋል? ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለቀጭንም ለወፍራምም ክንድ የሚሆን የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ ሠርተው፣ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ በኩራት አሳይተው ነበር። ፊት ረድፍ የተቀመጠ አንድ የሕክምና ዕቃ አስመጪ አጨበጨበ፣ ፎቶ አነሳ፣ ሻይ ጋበዘ። በዓመቱ ዕቃው በአስመጪው ስም ፓተንት ወጥቶለት፣ በካርቶን ታሽጎ እዚሁ ሆስፒታል ገባ። አዛውንቱ እስከ ዛሬ የሕመምተኛ ግፊት የሚለኩት በተሰረቀባቸው ዕቃ ነው። ባይመረሩ ነበር የሚገርመው።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብዎት» አለች ለስለስ ብላ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ የተሰረቁት ስላሳዩ አይደለም፤ ሳያስመዘግቡ ስላሳዩ ነው። መጀመሪያ ይመዘገባል፣ ከዚያ ይታያል። እርስዎ ግን ከዚያ ጉዳት የተማሩት መደበቅን ነው።»

«መደበቄ ማንንም አልገደለም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ሕመምተኛ የሚቆጡት እርስዎ አይደሉም? በሽታውን የደበቀ የሚጎዳው ራሱን ነው። መድኃኒቱን የደበቀውስ?»

«አንቺ! መርፌ አያያዝ ያስተማርኩሽ እኔ!»

«እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለዚያ ነው የምደፍረው። ፓተንት እኮ ውል ነው። እርስዎ ምስጢሩን ይገልጣሉ፤ ሕጉ ደግሞ ለተወሰነ ዓመት ማንም እንዳይነካብዎ ይጠብቅልዎታል። ዓመቱ ሲያልቅ የሁሉም ይሆናል። ይህን መዝጊያ እንደ ሠሩት አስመዝግበውት ቢሆን፣ ተሞክሮና ተፈትሾ ይኸኔ በየአልጋው ነበር። ዋርዱ ሁለት ነርስና ሃያ ሁለት አልጋ ነው ያለው፤ ማን ጠርሙስ ሲጠብቅ ይውላል?»

«እኔ እጠብቃለሁ!»

«ዓርብ ይሄዳሉ። ሰኞስ?»

ሽማግሌ በእህቱ ልጅ ተረታሁ ብሎ ዝም አይልምና፣ ስለ አስመጪው እንደገና ከሥሩ ጀመሩ፤ ስለ ፎቶው፣ ስለ ሻዩ። እሷም በተራዋ ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ ዘረዘረችላቸው። ሁለት የተማሩ ሰዎች ደረጃ ላይ ቆመው ሰዓት ማየት ረሱ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሁለቱም በገዛ ንግግራቸው ትንሽ ደስ ብሏቸው ነበር።

ዋርዱ ሲደርሱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ተረኛው ሐኪም ጠብቆ ጠብቆ፣ ሲስተር ትንፋሽ ሲያጥራት ራሱ ጀምሮታል። ጠርሙሱንም ለአንዷ ነርስ አደራ ብሎ ነበር። ሁለተኛዋ መድኃኒት ልታመጣ ሄዳ ሳለ ከወዲያኛው ጥግ አንድ ሕመምተኛ ከአልጋው ወደቀ፤ ሐኪሙም ነርሷም ሮጡ። ሲመለሱ ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ሞልቷል፤ ሲስተር አረፋ ያስላታል።

አዛውንቱን ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ዶክተር… ጠርሙሱን የሚያይልኝ ጠፋ» አለች። የሚቻለው ሁሉ ተደረገላት። እስከ ማግስቱ ጠዋት ታግላ ሞተች።

ዓርብ አዳራሹ ወንበር ተደርድሮበት ሰው ሲጠብቅ፣ አዛውንቱ ከቢሯቸው አልወጡም። መሳቢያው ክፍት ነው። አውራ ጣት የምታክል መዝጊያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፤ ቁልፉም አጠገቧ። የእህታቸው ልጅ ስትገባ ቀና አላሉም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትይኝ።»

«አልልም ጋሼ። ደረጃው ላይ እኔም ነበርኩ።»

«የፓተንቱን ማመልከቻ ቅጽ ስጪኝ።»

በጥንቃቄ ሞሉት። የሐኪም ጽሕፈት እንዲህ ተነብቦ አያውቅም። ‹ፈጠራው የሚሰጠው ጥቅም› በሚለው ሥር እንዲህ ጻፉ፦ «ነርስ ወደ ወደቀው ሕመምተኛ ስትሮጥ የተወችው አይሞትባትም። ሐኪሙ ቢዘገይ፣ ጡረታ ቢወጣ፣ ቢሞትም ልኩን የሚያውቅ ነገር አልጋው አጠገብ ይቀራል። የጥበቃው ዓመት ሲያልቅ ማንም አገር፣ ማንም ባለሙያ ይሠራዋል።»

የመጨረሻው ጥያቄ ‹ፈጠራው ከዚህ በፊት ለማንም ታይቷል?› ይላል።

«ዋናው ይሄ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ካልታየ ይመዘገብልዎታል።»

አዛውንቱ «አልታየም» ብለው ጻፉ። መስመሩ ላይ ትንሽ ቦታ ተርፎ ነበርና ጨመሩበት፦ «ሃያ ስድስት ዓመት ጠርሙሱን ለጠበቀችልኝ ሴት እንኳ።»