እትዬ ሬዲዮ፣ የበረራ ትምህርት ቤታችን ዜና ነጋሪ

የተከበራችሁ ቤተሰቦቿ፣ የተከበራችሁ ጎረቤቶቿ፣ የበረራ ትምህርት ቤታችን መምህራን፣ መካኒኮችና ተማሪዎች፣ ሥራ ጥላችሁ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወዳጆቿ ሁሉ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ እርስዎ፣ ባለቤቷ፣ ጋሽ ሰፊው፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

እኔ እዚህ የቆምኩት ከአውሮፕላን ክፍል ተልኬ ነው። እሷ የሄሊኮፕተር አስተማሪ ነበረች። እኛ ክንፍ ያለን፣ እነሱ አናታቸው ላይ ማራገቢያ ያሰሩ! ይህን ብትሰማኝ ዛሬ መግቢያ አላገኝም ነበር። ዕድሜያችንን ሙሉ እንደተተራረብን ኖርን። አንድ ቀን እንኳን የመጨረሻውን ቃል ለእኔ ትታልኝ አታውቅም። ዛሬ ትታልኛለች። እኔም ምን እንደማደርገው ግራ ገብቶኛል።

እትዬ ሬዲዮ ነበር የምንላት። ለምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። አውሮፕላኖቹ በሚያድሩበት ሃንጋራችን ውስጥ መካኒኮች ሞተር ሲፈቱ የሚወጡበት የብረት መሰላል አለ። በየጠዋቱ እሱ ላይ ትወጣለች። ቁመቷ አጭር ነበር፤ ድምጿ ግን አልነበረም። «ጆሮ ያላችሁ ስሙ!» ትላለች። ሁሉም እጁ ላይ ያለውን ያስቀምጣል።

«ትናንት ከአውሮፕላን ክፍል አንድ ተማሪ በሰላም አርፏል። አራት ጊዜ ነው ያረፈው፤ በአንድ ሙከራ!»

ሃንጋሩ በሳቅ ይናጋል። ያ እየነጠረ ያረፈው ልጅ አንገቱን ይደፋል። እሷ ግን ተሸማቆ እንዲውል አትተወውም። «ቀና በል እንጂ! እኔን በመጀመሪያ ቀኔ ሄሊኮፕተሯ እየጎተተች አጥር ልታሻግረኝ ነበር» ትለዋለች። ያኔ እሱም አብሮ ይስቃል።

የመካኒኩ ሚስት ስትወልድ ዜና ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ፈተና ስታልፍ ዜና ነው። አዲስ ሄሊኮፕተር የመጣ ዕለት እንኳን ቀድሞ የተነገረው የመካኒኩ ሕፃን ነበር። ዳይሬክተራችን፣ ይኸው እዚህ ቆመዋል፣ «እትዬ፣ ቅደም ተከተሉ ትንሽ አልተዛባም?» ቢሏት ምን አለቻቸው? «ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ አላለቀሰም፤ ሕፃኑ አልቅሷል።»

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መሀል ስሙን ከዚያ መሰላል ላይ ሲጠራ ያልሰማ ማን ነው? ሰምቶስ ቀኑን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ያልዋለ ማን ነው?

ወዳጆቼ፣ አንድ ቀን ግን ያ ወሬዋ ሰው አትርፏል።

የኔ ተማሪ ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተማሪ፣ ብቻዋን አውሮፕላን ይዛ የተነሣችበት ቀን ነው። አነሣሷ ያምር ነበር። አንድ ዙር ዞራ ልታርፍ ስትዘጋጅ፣ ከፊቷ ያረፈው አውሮፕላን ጎማ ፈነዳና ማኮብኮቢያው መሀል ተገትሮ ቀረ። ያለን ማኮብኮቢያ አንድ ብቻ ነው። ንፋሱ ደግሞ እየበረታ ነው። እኔ ከቁጥጥር ማማው ሆኜ በሬዲዮ «አትውረጂ፣ ከፍ በይና ዙሪ» አልኳት። «እሺ» አለች። ከዚያ በኋላ ዝም።

ብጠራት ዝም። ደግሜ ብጠራት ዝም። አውሮፕላኗ ትታየኛለች፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ትላለች። ልጅቷ በድንጋጤ መሪው ላይ ተጣብቃ እንደቀረች ገባኝ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም።

እትዬ ሬዲዮ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች ደረጃውን ወጣች።

«ማይኩን ወዲህ በለው» አለችኝ።

«ሴትዮ፣ ይሄ የአውሮፕላን ጉዳይ ነው!»

«ልጅቷ አውሮፕላን አይደለችም፤ ሰው ናት። አምጣው!»

ሰጠኋት። ጉሮሮዋን ጠረገች። ምን አለች ብላችሁ ታስባላችሁ? «መሪውን እንዲህ አድርጊ» አለች? «ተረጋጊ» አለች? የለም።

«ጆሮ ያላችሁ ስሙ! የዛሬ ዜና። የአውሮፕላን አስተማሪያችን እዚህ አጠገቤ ቆሟል። በላብ ከመራሱ የተነሣ ሸሚዙን ጨምቀን ሃንጋሩን ልናጥብበት አስበናል።»

ዝም። ከዚያ ከሬዲዮው አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች።

«የትኛውን ሸሚዝ ነው የለበሰው?»

«ሰማያዊውን።»

«እሱስ ድሮም መታጠብ ነበረበት።»

ሳቀች! ስትስቅ ተነፈሰች። ስትተነፍስ እጆቿ ተፍታቱ። አውሮፕላኗም ቀጥ አለች። እትዬ ሬዲዮ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ በመሀል በመሀሉ «አሁን ወደ ግራ፣ ቀስ ብለሽ፣ የኔ ልጅ» እያለች አዞረቻት። መካኒኮቹ ጎማው የፈነዳውን አውሮፕላን እየገፉ ከመንገድ አወጡት። ያኔ ማይኩን መለሰችልኝና «በል ያንተን ሥራ ሥራ፤ እኔ ማሳረፉን አላውቅበትም» ብላ ሻይዋን ጠጣች። ልጅቷን አሳረፍኳት። አንድም ጊዜ አልነጠረችም።

ያቺ ልጅ ዛሬ የኔ አለቃ ናት። ያውላችሁ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ የቆመችው። ሸሚዜን እስከ ዛሬ እንደ ጠላችው ነው።

ጋሽ ሰፊው፣ ይቅር ይበሉኝ፣ የእርስዎንም ላወራ ነው። እሷ ብትሆን አትምርዎትም ነበር።

ጋሽ ሰፊው ልብስ ሰፊ ናቸው። አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ መውጣት የሚፈሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሰማይ ላይ ስትውል፣ እሳቸው ከስፌት መኪናቸው ፈቀቅ አይሉም። «አንድ ቀን ላሳይህ» ስትላቸው «የምታዪውን ማታ ትነግሪኛለሽ» ይሏታል። ማኮብኮቢያው ዳር የተሰቀለውን፣ ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሳየንን ባለ ቀይና ነጭ ጨርቅ ግን የሚሰፉልን እሳቸው ነበሩ። ከትምህርት ቤታችን ጋር የነበራቸው ዝምድና እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም መሬት ላይ ሆነው።

እሷ ጡረታ የወጣች ዕለት ግን መጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ሄሊኮፕተሯ ውስጥ ገብተው ቀበቶ ታሰረላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው «አልቋል?» አሉ።

«ሞተሩን ገና አላስነሣሁትም።»

ተነሡ። ሁላችንም በሬዲዮ እያዳመጥን ነው። መጀመሪያ የሚሰማው የጋሽ ሰፊው ጸሎት ብቻ ነበር። ከዚያ እሷ «አንዴ፣ ስለ እኔ ብለህ፣ ዓይንህን ግለጠው» አለቻቸው። ገለጡት። እኛም ጆሯችንን ወደ ሬዲዮው አስጠጋን። ዓለምን ከላይ አይቶ ሰው ምን ይላል?

«አንቺ! ያ ከታች ያለው ጨርቅ ስፌቱ ተጣሟል! አውርጂኝ ላስተካክለው!»

ከሳቋ የተነሣ ሄሊኮፕተሯ ስትወዛወዝ ከታች ይታየን ነበር። ሲወርዱ ግን ጋሽ ሰፊው እጇን አልለቀቁም። «ለካ እዚህ ነበር የምትውይው» አሏት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ቃል ነው ብላ ነግራኛለች።

በኋላ ታመመች። ሕመሟን አላወራውም፤ እሷም አላወራችው። የሆስፒታሉን ክፍል ግን ሃንጋር አደረገችው። «ወሬ ያልያዘ አይግባ» ብላ ደነገገች። ነርሶቹ ሳይቀሩ ወሬ ይዘው ነበር የሚገቡት።

ከተማሪዎቿ አንዱን «ይቅርታ» ነው የምንለው። ለምን? ሄሊኮፕተሯን ሳይቀር ይቅርታ ይጠይቃታል። አንድ ቦታ ቆሞ ማንዣበብ የሄሊኮፕተር ከባዱ ትምህርት ነው፤ እሱን ማንዣበብ አቅቶት፣ አስተማሪዎች ተስፋ ቆርጠው «ቢቀርበትስ» ብለው ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳን እየመጣች አብራው የምትበር እሷ ብቻ ነበረች። «መሪውን አትነቀው፤ የተኛ ሕፃን እጅ እንደያዝክ ያዘው» ትለው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ይቅርታ እየሮጠ ሆስፒታል ገባ። እኔ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነበር።

«ይቅርታ እትዬ፤ ዛሬ ብቻዬን በረርኩ።»

«አንዣበብክ?»

«አንዣበብኩ። ንቅንቅ አላለችም።»

«ታዲያ ይቅርታው ለምንድን ነው?»

«እርስዎ ሳያዩ ስለሆነ።»

እትዬ ሬዲዮ ትራሷን ወደ ላይ እንድናደርግላት ጠየቀች። «በል ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው። «አንድ ነገር እንዳትዘል። በሩን ከዘጋህበት ጀምር።» እሱ ሲነግራት፣ ቀኝ እጇ አንሶላው ላይ መሪ እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ ይንቀሳቀስ ነበር። እሱ ሲያርፍ እጇም አንሶላው ላይ አረፈ። ፊቷን ብታዩት! እንደዚያ ስትደሰት ያየኋት የመጨረሻው ጊዜ ነው።

አሁን ላብቃ።

ትናንት ዳይሬክተራችን ጋሽ ሰፊው ቤት ሄደው «ነገ ትምህርት እንዝጋ» ብለዋቸው ነበር። ጋሽ ሰፊው ምን አሉ? «እሷ ስንት ዓመት በየጠዋቱ ስትከፍተው የኖረችውን ቤት፣ በእሷ ስም ትዘጉታላችሁ? ይብረሩ!» ስለዚህ ግማሾቹ ተማሪዎች እዚህ የሉም። አትቀየሟቸው። ሲበርሩ ይውላሉ። እኔም ከሰዓት በኋላ ተማሪ አለኝ፤ ፈሪ ነው፣ መሪውን ያንቃል። ምን ብዬ እንደማስተምረው ከእሷ ተምሬያለሁ።

እህቴ፣ ስንቱን ሰው አየር ላይ ይዘሽ አሳረፍሽ። ማንንም ጥለሽ አታውቂም። አሁን ተራው የአንቺ ነው፤ እረፊ።

ደህና ሁኚ፣ እትዬ። ደህና ሁኚ።