ድብ ባሕር ወፍጮ ቤት ተራ የያዘችው የአያ አስማረ ማኪና

አያ አስማረ እዚህ መድኃኒት ማከፋፈያ ሹፌር ሆነው የገቡ ዕለት እኔ ገና አልተወለድሁም። ስለዚህ ስለዚያ ቀን የምዋሸው ሁሉ የድርጅታችን ባለቤት የሐጂ ዐብዱረሕማን ውሸት ነው፤ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሐጂ «እስኪ ይቺን ማኪና ከግቢ አውጣት» ቢሏቸው፣ አያ አስማረ መሪውን አልነኩም። የናፍጣውን ክዳን ከፈቱ፣ ከአጥር ሸምበቆ ሰበሩ፣ ነከሩ፣ አውጥተው አዩት።

«ጌጁ ሙሉ ይላል እኮ!» አሉ ሐጂ።

«ጌጅ ይዋሻል። ሸምበቆ አይዋሽም።»

ሐጂም «ይኼ ሰው መንገድ ላይ አይቀርም» ብለው ቀጠሯቸው። እውነትም በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን ተጎትተው አልገቡም። የዚህ ግቢ ሰው ሁሉ ይህን እየሰማ ነው ያረጀው፤ እኔም እየሰማሁ ላረጅ ነው።

አምና የኤሌክትሪኳ ማኪና መጣች። አያ አስማረ ሦስት ጊዜ ዞሯት።

«ክዳኗ የት ነው?»

«የምን ክዳን?» አልሁ።

«ሸምበቆ የማገባበት!»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባትሪ ይበላል ብለው ሬዲዮ ዘጉ። መስኮቱ በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው ብለው ሙቀቱ ቢያፍነንም ዘግተውብን ነዱ። ስልኬን ልሰካ ስል «አንቺ ልጅ፣ በአንድ ጥገት ላይ ሁለት ጥጃ ታሰሪያለሽ?» አሉኝ። ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ሃያ ሊትር ናፍጣ በጀሪካን ጫኑ።

«አያ፣ ይቺ እኮ ናፍጣ አትጠጣም።»

«አውቃለሁ። ግን ሳየው ልቤ ያርፋል።»

ባለፈው ማክሰኞ፣ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ፣ የመጨረሻ ጉዟቸው ወደ ዛሪማ ነበር። መድኃኒቱን የማስረክበው እኔ ስለሆንሁ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ሊማሊሞን ስንወርድ ቻርጁ ከሃምሳ ስምንት ወደ ስልሳ ሦስት ወጣ። ፍሬን ያዙ።

«ፈትሂያ፣ ተበላሽታለች።»

«ምነው?»

«እየሄደች ትጠግባለች! እየሄደ የሚጠግብ በቅሎ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ቁልቁለት ላይ ራሷን እንደምትሞላ ባስረዳቸው «እሺ፣ ሽቅቡን ስንመለስ የምትበላውስ?» አሉኝ።

ዛሪማ አስረክበን ስንመለስ፣ ዳገቱ ሳይጀምር፣ ድብ ባሕር ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ባትሪዋን ሊያስሞሉ አቆሙ። ሃምሳ በመቶ አለን!

«አያ፣ ጎንደር ያደርሰናል። ስልኬ አስልቶታል።»

«ስልክሽ ሊማሊሞን በእግሩ ወጥቶታል?»

ወፍጮ ቤት ሰው ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ተራ የሚይዘው ጆንያው ነው። አያ አስማረ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከመጨረሻው የገብስ ጆንያ ኋላ አኖሯት። ባለ ወፍጮው «መብራቱ ለሁለት አይበቃም፤ ማኪናዋ ከተሰካች ወፍጮው ይቆማል» አለ። እኔ በእፍረት መሬት ልገባ! ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ።

«አያ አስማረ፣ ማኪናህን ልታስፈጭ ነው?»

ከዚያ እማማ የትናየት የሚባሉ፣ የመጀመሪያው ጆንያ ባለቤት፣ ተነሡ። «ልጄን በምጥ ደባርቅ ያደረሳት ይህ ሰው አይደል?» ብለው ባርኔጣዋን አነሡና ከጆንያቸው ፊት አኖሯት። አንድ ሰዓት ተኩል ወፍጮው ዝም አለ። አንዲትም ሴት አላጉረመረመችም።

ያኔ ጠየቅኋቸው፦ «አያ፣ መጎተት ይህን ያህል ያሳፍራል?»

«ሹፌር ቢጎተት ምንም አይደል» አሉ። «ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ ከቀረሁ፣ ሰው በሌላው ቀን እኔን አይጠብቅም። መድኃኒት ፍለጋ በእግሩ ይነሣል። በሽተኛ ተሸክሞ፣ ይህን ዳገት!»

ቀና ብዬ ዳገቱን አየሁት።

ግቢያችን ስንገባ የቀረን አራት በመቶ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ያገኘነው አሥራ ሰባት። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት፤ እኔ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄያለሁ። ያቺ ባርኔጣ ባትሰለፍ ኖሮ ሠላሳ አንድ ዓመቱ በሙሉ፣ ጎንደር ሳንደርስ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በገመድ እየተጎተተ ይገባ ነበር።

አያ አስማረ፣ ሳሾፍብዎት ከርሜያለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ እርስዎም ሲመልሱልኝ ከርመዋል። ግን አመሰግናለሁ። የዛሪማ ጤና ጣቢያ ነርስ መድኃኒት የሚመጣበትን ቀን ለሰው ስትነግር ማክሰኞ አትልም፤ «አስማረ ሲመጣ» ነው የምትለው። የፊታችን ማክሰኞ ምን እንደምትል እንጃ። ብቻ ማኪናዋ እንደማትቀርባት እኔ ቃል እገባለሁ።

በሉ፣ ብርዙንም ለስላሳውንም አንሡ! አያ አስማረ ነገ ወደ አገራቸው መካነ ብርሃን፣ ወደ በጎቻቸው ይሄዳሉ። አላህ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። በጎችዎ መንታ መንታ ይውለዱ። ማንም ደጅ ደጁን እያየ የማይጠብቅዎት፣ ቀስ ብለው፣ ሸጋ ሸጋውን እያዩ የሚደርሱበት ብዙ መንገድ ይስጥዎት።

አሜን በሉና ጠጡ እንጂ!