ያቃናሁት አማርኛ

ጭሮ ላይ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። የመቻራ ቡና ገበሬዎች ማኅበር መጽሔት እንዳዘጋጅለት ሲያዘኝ፣ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ እንድትጽፍልኝ ሃዊ ከምትባል ልጅ ጋር በክፍያ ተስማማሁ። ያመጣችውን ሳነብ ደሜ ፈላ። ሽማግሌው «እኔ ቡና ተከለ፣ ቡና እኔን አሳደገ» ይላሉ። «ይሄ ምን አማርኛ ነው? ግማሹን ነው የምከፍልሽ» አልኳት። «ጋሼ፣ እሳቸው እንደዚያ ነው ያወሩት» አለችኝ። «እኔ የምከፍለው ለአማርኛ ነው» ስላት ግማሹን ተቀብላ ወጣች።

ጽሑፉን እኔው ቁጭ ብዬ አቃናሁት። «በእጄ የተከልኩት ቡና ለወግ ለማዕረግ አበቃኝ» አስባልኳቸው። መጽሔቱ ታትሞ መቻራ ስወስደው ለሽማግሌው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ጥሩ ነው። ይሄ ሰውዬ አገሩ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ስመለስ መኪና ውስጥ ሆኜ ቀሪውን ክፍያ ለሃዊ በስልኬ ላኩላት። ጭሮ ሳልደርስ ብሩን መልሳ ላከችው፤ አንዲት መልእክትም ጨምራበታለች፦ «ጋሼ፣ ያ ጽሑፍ እኮ የእርስዎ ነው።»