የግንቦቱ ኮፒ

(ኮምቦልቻ፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ። የፋብሪካው ኪነት ቡድን የድሮ ክራር መቺ የጋሽ ወንድይፍራው ሳሎን፤ ጎረቤቱ አስካለ ትናንት ጠርጋ ፎርማት ያደረገችው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች።)

ወንድይፍራው፦ «ይፈጥንልዎታል» አልሽኝ። ፈጠነ። ባዶ ቤት ውስጥ ማን አይሮጥም?

አስካለ፦ ጋሼ፣ ዘፈኖቹ አሉ። መቶ አርባውም ዲ የሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ስለነበሩ አልነካኋቸውም።

ወንድይፍራው፦ አሉ። «ትራክ አንድ»፣ «ትራክ ሁለት» ተብለው። እስረኛ ናቸው እንዴ በቁጥር የሚጠሩት? ማን ዘፈነ፣ ማን ክራር መታ፣ አራት ዓመት በአንድ ጣቴ የለቀምኩት የት ገባ?

አስካለ፦ ሲዲውን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠው ፕሮግራም ስሞቹን የሚያስቀምጠው ለካ ሲ የሚባለው ክፍል ላይ ነው። ሁሉም ሰው «ዲ ይተርፋል፣ ሲ ይጠረጋል» ሲል ሰምቼ ጠረግሁት።

ወንድይፍራው፦ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

አስካለ፦ ከጠዋት ጀምሮ እየለቀምኩ አይደል?

ወንድይፍራው፦ ቅዳሜ የሬዲዮ ሰዎቹ የቡድናችንን ዘፈን ሊወስዱ ይመጣሉ። «ክራር የመታው ማነው?» ሲሉኝ «ቁጥር ሰባት» ልበላቸው? ከዚያ ቡድን የቀረነው ሁለት ነን፤ አንዱ ጆሮው አይሰማም፣ አንዱ መቶ አርባ ዘፈን በጭንቅላቱ መያዝ አቅቶታል።

አስካለ፦ ቆይ እስቲ። ይቺ ሃርድ ዲስክ ምንድን ናት?

ወንድይፍራው፦ ያንቺው ናት። ስክሪኑ የተሰበረ ጊዜ ሁሉን ገልብጠሽ ያስቀመጥሽባት።

አስካለ፦ ያኔ መምረጥ ሰንፌ ሲንም ዲንም አንድ ላይ ነው የጫንኩት። ይኸው፣ የፕሮግራሙ ፎልደር ከነስሞቹ አለ። ስንፍናም አንዳንዴ እንጀራ ትሆናለች።

ወንድይፍራው፦ ተመስገን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ ነበር፤ ይቺም አትለቅም ማለት ነው። መቼ የተገለበጠ ነው?

አስካለ፦ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ግንቦት። አባቴ ከማረፉ በፊት።

ወንድይፍራው፦ …ግንቦት።

አስካለ፦ አዎ።

ወንድይፍራው፦ አሮጌ ነው እንግዲያ። ተይው አስኩ። ከዚያ ወዲህ ያረምኩት አለ።

አስካለ፦ ያረሙትን እንደገና ያርማሉ። ከምንም ይሻላል።

ወንድይፍራው፦ ደክሞሻል። ልጆችሽም ይጠብቁሻል። በቁጥሩ ይሂድ፤ ዘፈን በስሙ አይደመጥም።

አስካለ፦ ጠዋት በሬን ሲደበድቡ እንዲህ አላሉም።

ወንድይፍራው፦ ጠዋት አልደከመኝም ነበር።

አስካለ፦ ፎልደሩን ቦታው መለስኩት። አሁን ፕሮግራሙን ልክፈተው… ስሞቹ መጡ፣ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ ዝጊው።

አስካለ፦ ሰባተኛው፣ «ክራር፦ ደርቤ»። አስራ አንደኛው፣ «ክራር፦ ደርቤ»። አስራ ሁለት፣ ሃያ፣ ሠላሳ አራት። አምስቱም የአባቴ ናቸው ይላል። እነዚህን እኮ ሙት ዓመቱ ላይ አሰምተውናል። «የእኔ ጣት ነው» ብለው፣ ዝርዝሩ ላይ ስምዎን አሳይተውናል። እናቴ ሳትቀር «ወንድይፍራው እንዴት አድርጎ ይመታ ነበር» እያለች አለቀሰች። በገዛ ባሏ ጣት እርስዎን አመሰገነች።

ወንድይፍራው፦ አባትሽ በክራር ይበልጠኝ ነበር። ሁሉም ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ሲያርፍ ወንበሩ ባዶ ሆነ። አንዴ እንኳ ልቀመጥበት ብዬ ነው።

አስካለ፦ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ወንድይፍራው፦ ተርቺ። ይገባኛል።

አስካለ፦ አልተቆጣሁም፤ እኔም ደክሞኛል። ኪቦርዱ ይኸው። ቅዳሜ በሬዲዮ የሚነበበው ይሄ ዝርዝር ነው። እንደ ኋለኛው በስምዎ ያርሙት፣ ወይ እንዳለ ይሂድ። እኔ አንዴ ጠርጌ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ እጄን አላስገባም።

ወንድይፍራው፦ መነጽሬን አቀብይኝ።

አስካለ፦ ምን ሊጽፉ ነው?

ወንድይፍራው፦ ዘጠነኛው ላይ «ክራር፦ ወንድይፍራው» ይላል?

አስካለ፦ ይላል።

ወንድይፍራው፦ እሱንም «ክራር፦ ደርቤ» ልበለው። ያንን አባትሽ በሕይወት እያለ ነው በስሜ የጻፍኩት፤ እውነተኛው ስም የትም ኮፒ የለውም።