ራሱን ዕረፍት የነፈገው ሰዓት ሠሪ

ጋሽ ኢስሃቅ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ የስንቱን ሰው ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው ለራሳቸው ሰዓት አይተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ጠዋት ከተቀመጡ ከሶላት በቀር የሚያስነሳቸው የለም። ምሳቸውን እንኳ አጉሊ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያወርዱ ይጎርሱታል። በዚያ ክረምት ግን ደክመዋል፤ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ ጣታቸው ይርዳል፣ ይህንንም ለማንም አልተናገሩም።

ያስጨነቃቸው የእትዬ ለተሚካኤል አደራ ነው። የእትዬ ለተሚካኤል ልጅ ሲዘምት የእጅ ሰዓቱን ለእናቱ ትቶ ሄዷል። ሰዓቱ ቢቆምባቸው ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ይዘውት መጥተው፣ «ሲመለስ ቆሞ እንዳያገኘው» ብለው ሰጧቸው። ውስጡ ያለችው እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ተበጥሳለች። መለዋወጫ ዕቃ ከውጭ መግባት ካቆመ ቆይቷል፤ ጋሽ ኢስሃቅ መሳቢያቸውን በርብረው ያገኙት ሁለት ብቻ ነው። አንዱን ትናንት፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ልጨርስ ብለው ሲጣደፉ አጣመሙት። አሁን የቀረው አንድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ጎረቤታቸው መምህርት ዓለምወርቅ ልትጠለል ገባች። ያችን አንዷን ሽቦ በወረንጦ ይዘው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየች።

«ምነው ጋሽ ኢስሃቅ፣ ትንሽ ቢያርፉ?»

«ሥራ እያለ?» አሏት ቀና ሳይሉ። «እኔ ለአላህ እነሳለሁ እንጂ ለድካም አልነሳም።»

ዓለምወርቅ በትሕትና ታሪኳን አወጋቻቸው። የተማሪዎች ፈተና ስታርም ሳትነሳ ታመሽ ነበር፤ አንድ ቀን ዓይኗ ፈዞ የአንዲትን ልጅ ትክክለኛ መልስ በቀይ ሰርዛ አስለቀሰቻት። ከዚያ ወዲህ ደወል ያለው ሰዓት አጠገቧ አድርጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ትሠራለች፤ ሲደውል ትነሳለች፤ እግሯን አፍታታ ትመለሳለች።

ጋሽ ኢስሃቅ በድካም ፈገግ አሉ። «ቀበሌው በደወል የሚሰበስበኝ አንሶ፣ አንቺ ደግሞ ሱቄ ድረስ ደወል ታመጪብኝ?»

«እንዲያው ልጠይቅዎት፤ ሰዓት ሲሞሉ፣ ጥግ ከደረሰ በኋላ ቢጨምሩበት የነገውንም አብሮ ይሠራል?»

«ይበጠሳል እንጂ።»

«እርስዎስ?»

ደንበኛን ሁሉ «ጥግ ሲደርስ ተዉት» እያሉ ሲቆጡ የኖሩት እሳቸው ናቸው። በራሳቸው አፈሩ። ወረንጦውን አስቀመጡና ከመደርደሪያው ባለ ደወል ሰዓት አወረዱ።

እንደ ነገረቻቸውም ሆነ። ደወሉ ሲጮህ እየተነጫነጩ ይነሳሉ፤ በር ላይ ቆመው የሩቁን እያዩ ዓይናቸውን ያሳርፋሉ፤ ሲመለሱ እጃቸው ይረጋል። በማግስቱ ሽቦዋ ሳትጣመም ቦታዋን ያዘች። ቢያርፉ ጊዜ የሚባክን ይመስላቸው ነበር፤ የባከነውስ ደክመው ያበላሹትን ሲያቃኑ የኖሩበት ዘመን ነው። ይህን አስበው አዘኑ።

እትዬ ለተሚካኤል መጥተው ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ልጃቸው ይመጣል ብለው በር በሩን እያዩ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል።

«በየጠዋቱ ይሙሉት፤ ጥግ ሲደርስ ግን አያስገድዱት» አሏቸው ጋሽ ኢስሃቅ። ቀጥለውም ባለ ደወሉን ሰዓት ሞልተው፣ የራሳቸውን ወንበር ሳቡላቸው። «እርስዎም እስኪደውል አረፍ ይበሉ። በሩን እኔ አይልዎታለሁ።»

እትዬ ለተሚካኤል የልጃቸውን ሰዓት በመዳፋቸው እንደያዙ ተቀመጡ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጋሽ ኢስሃቅም ደወሉ ሳይጮህ ቀስ ብለው ዘጉት።