ከእህት በላይ የሚል ቦታ የለውም

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ደባል መሆን ነውር አልነበረም። አሁን ደባል ሲባል ሌባ የተባለ ይመስላል፤ ያኔ ግን ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ በገባችሁበት ግቢ ሁሉ ደባል ነበር። ደባል ማለት እንግዲህ የቀበሌው ቤት በሌላ ሰው ስም ነው፣ አንቺ ከዚያ ሰው ጋር ትኖሪያለሽ፣ መብራቱንም ውሃውንም ትካፈያለሽ፣ እድሩ ያውቅሻል፣ ጎረቤቱ ያውቅሻል፣ ቀበሌው ብቻ አያውቅሽም። ይኸው ነው። ማንስ ይጠይቅሻል? እኔም እንደዚያ ነበርኩ፣ እና ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ስኖር ቤት የለኝም ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

እንዴት ገባሁ መሰላችሁ። ፒያሳ ኬክ ቤት ነበር የምሠራው፣ ከባንኮኒው ኋላ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ክሬም እመታለሁ፣ ትሪ አጥባለሁ። ታዲያ የተከራየሁበትን ክፍል ባለቤትየዋ ልጄን ልድርበት ነው ብላ አስወጣችኝ፣ እና ልብሴን በአንሶላ ጠቅልዬ ሥራ ገባሁ። እማማ ዘነበች፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኬክ ሊገዙ ይመጡ ነበር፣ ጥቅልሉን አዩት።

"ይሄ ምንድነው አስካለ?"

"ልብሴ ነው እማማ።"

"ልብስ ሥራ ቦታ ምን ይሠራል?"

ነገርኳቸው። ኬካቸውን ተቀበሉና፣ "ስትወጪ ወደኛ ነይ፣ ማርታም ብቻዋን ናት፣ አንድ አልጋ ለሁለታችሁ ይበቃችኋል" አሉኝ። በቃ፣ ውሉ ይኸው ነው። ገባሁ፣ ሳልወጣ ቀረሁ።

ማርታ የእማማ ዘነበች አንድ ልጅ ናት፣ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። ጴንጤ ናት፣ እኔ ደግሞ የጊዮርጊስ ሰው ነኝ። ሰዉ እንዴት ተስማማችሁ ይለን ነበር። ምን የማያስማማ ነገር አለ? በጾም የኔን ድስት ለይታ ታስቀምጥልኛለች፣ እሁድ ጠዋት እሷ ወደዚያ እኔ ወደዚህ እንወጣለን፣ ምሳ ላይ እንገናኛለን። እኔ በመሃል አግብቼ ነበር፣ አልበረከተም፣ ተመለስኩ። ስመለስ አልጋዬ እንደተነጠፈ ነበር፣ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። እማማ ዘነበች ሲታመሙ ሁለታችን ነን ያገላበጥናቸው፣ ሲሞቱ ገላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ማርታ አልቻለችም። ለቅሶ ላይ ሰዉ ሁሉ "እናታችሁን ነፍስ ይማር" ነው ያለን። እናታችሁን። ሰማችሁ? ሰው እንደዚያ ነበር የሚያውቀን።

ማርታ እንግዲህ አንድ ነገር አለባት፣ አትዋሽም። ሰው ሁሉ አልዋሽም ይላል፣ እሷ ግን የእውነቷን ነው። የማልፈልገው ሰው በር ሲያንኳኳ "የለችም በዪልኝ" እላታለሁ። ትሄድና ምን ትላለች? "አለች፣ ግን ልታገኝህ አልፈለገችም።" ጎረቤታችን ለልጇ ሰርግ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ መጥታ "ማርታዬ፣ እንዴት ነኝ?" ትላታለች፣ ይቺ ደግሞ ዞር ዞር አድርጋ አይታ "ከጀርባው ተበላሽቷል" ትላለች፣ ሰርጉ በማግስቱ እኮ ነው። እኔ ታዲያ በዚህ ስስቅባት ኖርኩ። እንደሚያስለቅሰኝ መቼ አወቅኩ።

ኋላ ያ ልማት መጣ። ሰፈሩ ይነሳል ተባለ፣ አዳራሽ ተሰበሰብን፣ አንዱ ተነስቶ "ቤቱ በስሙ ለሆነ ተከራይ ምትክ ቤት ይሰጠዋል" አለ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ከኋላ አንዲት ሴት "ደባሎችስ?" አለች። "ደባል በደንቡ የለም" አላት። በደንቡ የለም። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እኮ ነው የለም የሚለኝ።

ከዚያ ቤት ለቤት የሚመዘግብ ልጅ መጣ። ደግ ልጅ ነበር፣ ሐሜት አይሁንብኝ፣ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና፣ "ማዘር፣ ቤቱ በማን ስም ነው?" አለ።

"በእናቴ ነበር፣ ወደ እኔ ዞሯል" አለች ማርታ።

"እሺ። እኚህስ?" አለና ወደ እኔ አየ። ማናችንም ሳንመልስለት ራሱ ቀጠለ፤ "እህትማማች ናችሁ አይደል? መልካችሁ እኮ አንድ ነው።"

መልካችን አንድ ነው እንዴ? እሷ ቀይ፣ ረዥም፤ እኔ እንደምታዩኝ ነኝ። ልጁ በሩን ከፍቶ ግቡ እያለን ነው እኮ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ማርታ መነጽሯን አወለቀች። መነጽሯን ስታወልቅ አውቃታለሁ።

"የለም ልጄ፣ በሥጋ እህቴ አይደለችም" አለችው።

ልጁ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። "ማዘር፣ ነገሩ አልገባዎትም መሰለኝ። ቤተሰብ ከሆናችሁ ሁለታችሁም ትስተናገዳላችሁ። ደባል ከሆኑ እኚህ ምንም አያገኙም። እና ጥያቄውን ልድገመው፤ እህትዎ ናቸው?"

"ገብቶኛል ልጄ። አብራኝ የኖረች ናት። እናቴን አጥባ የገነዘች ናት። ከእህት በላይ ናት። እሱን ጻፍልኝ፣ እፈርማለሁ።"

ልጁ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው። "ማዘር፣ ከእህት በላይ የሚል ቦታ የለውም" አላት።

ደባል ብሎ ጻፈ። ያን ሁሉ ዘመን ስኖር ደባል መሆኔን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ልጁ ሲወጣ "ማርታ፣ ምን አደረግሽኝ?" አልኳት።

"ምን ልበል አስኩ? ውሸት ልፈርም?"

"አንዲት ቃል እኮ ናት።"

"እግዚአብሔር ሌላ በር ይከፍትልናል።"

"አንቺ የተከፈተውን እየዘጋሽ እሱ ስንቱን ይከፍታል?"

ያን ቀን ሁለታችንም ምሳ አልበላንም። ኋላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "የሚሰጡኝ ቤት አብረን እንገባለን፣ እንደ ድሮው ነው፣ ምን ተለወጠ?" አለችኝ። እኔም ልቤ ተመለሰ፣ እውነትም ምን ተለወጠ አልኩ። ታዲያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ቤቱን ስትረከብ ቢሮ ገብታ ጠየቀቻቸው። "አብራኝ የምትኖር ጓደኛ አለችኝ፣ ይፈቀዳል ወይ?" አለች። የቢሮዋ ሴትዮ ራሷን ይዛ፣ "እናቴ፣ ይሄ አይጠየቅም እኮ። ዝም ብለው ቢያስገቧት ማን ያይዎት ነበር? አሁን ግን ጠየቁኝ፣ ስለዚህ አይፈቀድም" አለቻት። ይቺ ደግሞ አይፈቀድም ያሉትን አታደርግም። ይሄንንም ራሷ ናት መጥታ የነገረችኝ፣ ሳትደብቅ፣ እያለቀሰች።

ቤታችን ሲፈርስ እኔ አላየሁም፣ ጊዮርጊስ ሄጄ ተቀመጥኩ። እሷ ከተማው ጫፍ ላይ፣ ፎቅ ላይ ወጣች። እኔ ስድስት ኪሎ ድሮ ኬክ ቤት አብራኝ የሠራች ሴት ዘንድ፣ ኩሽናዋ ውስጥ ፍራሽ ዘረጋሁ። ሰው ኩሽና ውስጥ ሲተኛ ከሁሉ በፊት ነው የሚነሳው፣ ለቁርስ እሳት መለኮስ አለባቸዋ።

ታዲያ ለድሆች በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጥ ቤት አለ ሲሉኝ ወረዳ ሄድኩ። ሰልፉን ተዉት። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ችግርዎን የሚመሰክሩ ጎረቤቶች ይዘው ይምጡ" አለኝ።

"የትኞቹን ጎረቤቶች?"

"የኖሩበትን ሰፈር ጎረቤቶች ነዋ።"

"ጎረቤቶቼን እኮ እናንተው ናችሁ የበተናችኋቸው። ያለሁበት ሰፈር ደግሞ አያውቀኝም፣ የኖርኩበት ሰፈር የለም። ከየት ላምጣ?"

አሁን ቀና አለ። "እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ደንቡ ነው" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም እሱም። አሮጊት ቆማለች ብሎ ወንበር አስመጣልኝ። ወንበር ሰጥቶ ቤት መከልከል።

ከጎረቤቶቼ አንዱን ለገጣፎ ታሞ ተኝቶ አገኘሁት፣ አንዷን ልጇ ይዟት ክፍለ ሀገር ገብታለች፣ አንዱ ሞቷል። የቀረችኝ ማርታ ናት። ደወልኩላት። ጉልበቷ እያመማት፣ በታክሲ ላይ ታክሲ እየቀየረች በጠዋት መጣች፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሠርግ የተጠራች ይመስል። ቤቱን የሚያድለው ኮሚቴ ፊት ቀረብን። እንዴት እንደመሰከረችልኝ ብታዩ፣ ልጅ የለኝ፣ ጡረታ የለኝ፣ ቤት የለኝ፣ ሁሉን በሥርዓቱ ተናገረች፣ ሰዎቹም አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። አለቀ፣ አገኘሁ አልኩ በልቤ። አንዷ የኮሚቴ አባል መጨረሻ ላይ፣ እንዲያው ለደንቡ ያህል፣ "የሚረዳቸው ሰውስ አለ?" አለች።

ማርታ "እኔ አለሁ" አለች።

"እርስዎ? እንዴት ነው የሚረዷቸው?"

"ከጡረታዬ አካፍላታለሁ። ወደፊትም እስካለሁ አልተዋትም።"

እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ረገጥኳት። ዞር ብላ "ምነው አስኩ?" አለችኝ፣ ሰዎቹ ፊት። ሴትዮዋ ጻፈች። ረጂ ያለው ለመጀመሪያው ዙር አይደርስም አሉን። መጽናኛ ይሆናታል ብላ፣ ስለምትወደኝ ነው እኮ የተናገረችው። መውደዷን ቆጠሩና ከሰልፉ አስወጡኝ።

አራት ኪሎ ድረስ በእግራችን ወረድን። ታክሲ ተራ ስንደርስ "አስኩ፣ እኔ ክፉ ሰው ነኝ?" አለችኝ። አይደለሽም አልኳት። እውነቴን ነው። ታክሲው ሞላ፣ ሄደች።

ክረምቱ ሲወጣ እንደገና ተመዘገብኩ፣ በዚህ ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ። ሰዎቹ ተቀይረዋል፣ ወረቀቱ ግን እዚያው ነው። አንዱ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ "እዚህ ላይ ወይዘሮ ማርታ የሚባሉ ይረዷቸዋል ይላል፣ አሁንም ይረዱዎታል?" አለኝ።

"ሞታለች" አልኩት።

"ውይ፣ ነፍስ ይማር" አለኝ።

"አሜን" አልኩ።

በዚያው ወር ነው ይሄን ክፍል፣ ይኸው እዚህ አፍንጮ በር፣ ከሁለት አሮጊቶች ጋር የሰጡኝ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ቢሆንም ስሜ አለበት። ዕድሜዬን ሙሉ በስሜ ያገኘሁት ቤት ይሄ ብቻ ነው። ይሄ ወሬ ታዲያ ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ፣ አደራ።

ማርታ እሁድ እሁድ ከቸርች ስትወጣ ትደውላለች። "ቤት ሰጡሽ አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላልኩሽም? መጥቼ ልየው" ትላለች። ዝናብ ነው እላታለሁ፣ ጉልበትሽን ያምሻል እላታለሁ፣ ቤቱ ገና አልተስተካከለም እላታለሁ። መጥታ ስሟን ብትናገር፣ ከወረዳው አንድ ሰው ቢሰማ፣ አስቡት እንግዲህ። በአንድ አልጋ አብራኝ የኖረችውን ሴት ከበሬ መለስኳት። ሽማግሌ አስገብቼ እንዳልታረቅ አልተጣላንም። እንዳልረግማት ምን ብዬ? እሷ አልዋሸችም፣ ልጁ ደንቡን ጻፈ፣ ሰውዬው ወንበር ሰጠኝ። የምረግመው ሰው ነው ያጣሁት፣ ልጆቼ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

አጠገባቸው ተቀምጣ ስትሰማ የነበረችው ጎረቤታቸው ጽጌ፣ "እትዬ አስካለ፣ ለምን እውነቱን አይነግሯትም? ትረዳዎታለች እኮ" አለቻቸው።

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ከዚያም ሳቃቸው መጣ። "ትረዳኛለች እንጂ፣ ልጄ" አሉ። "አልቅሳ፣ አቅፋኝ፣ ይቅር ብላኝ፣ ከዚያ ተነስታ ወረዳ ትሄድና 'አልሞትኩም' ትላቸዋለች።"