ፍፁም ያሰረው የፍሬን ሸራ

ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። ሰዓቱን የማስታውሰው የባለቤቴን ወገብ አቅፌ፣ በትከሻው ላይ አሻግሬ የሞተሩን ሰዓት እያየሁ ስለነበር ነው። መኪናችን ባትሪዋ አልቆ ቤት ቀርታለች። እኔ ሸዋነሽ፣ የስድሳ አንድ ዓመት ሴት፣ ነጠላዬን ጃኬቴ ውስጥ ወትፌ፣ ሄልሜት ደፍቼ፣ ከባሌ ከሰብሐት ኋላ ተቀምጬ ሽንኩርት ልንገዛ እንሄዳለን።

ሞተሩ የልጃችን የፍፁም ነው። ፍፁም በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አልጋው ላይ እንደተኛ በልብ ሕመም ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በሞተር አደጋ አይደለም፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ስለሚመስለው አስቀድሜ መናገር ለምዶብኛል። ሰብሐት ከአርባው ማግስት ጀምሮ በስደት ከምንኖርባት ከፓይን ሌክ እስከ ብሩክሄቨን፣ ላውንድሪ ውስጥ ወደሚሠራበት ሆቴል፣ በዚያ ሞተር ይመላለሳል። መንዳቱንስ ያውቅበታል። በወጣትነቱ ነቀምት አካባቢ የወባ መከላከያ ሠራተኛ ሳለ ሞተር ከእግሩ ሥር አይጠፋም ነበር።

ከሱቁ ፊት ያለው ፓርኪንግ ውስጥ ስንገባ አንዲት ሴት ልጇን የዕቃ ጋሪ ላይ አስቀምጣ ከመኪኖች መሀል ብቅ አለች። ሰብሐት ፍሬን ያዘ። ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማው ጩኸት ጆሯችንን በጠሰው፤ ሞተሩ ግን መሄዱን አልተወም። ሴትዮዋ ጋሪውን ወደ ራሷ ሳበች። የቆምነው ከጋሪው አንድ ክንድ ሲቀረን ነው። ልጁ ሳቀ። እናትየው አልሳቀችም።

«ጋሼ ሰብሐት! ያ ጩኸት ካንተ ሞተር ነው እንዴ?»

የጎረቤታችን የዑመር ልጅ ፈትያ ናት። የውሃ ካርቶን ፒካፗ ላይ ስትጭን ነው ያየችን። ኮሌጅ ገብታ የሞተር ሳይክል ጥገና ተምራለች፤ መንዳት ያስተማራት ግን የእኔ ፍፁም ነው።

«ካንተ?» አለ ሰብሐት ሄልሜቱን እያወለቀ። «ዑመር እርስዎ ማለት አላስተማረሽም?»

«ሶሪ፣ ከእርስዎ። ግን ፍሬኑ አልቋል እኮ! ላይክ፣ ጨርሶ አልቋል።»

«አላለቀም። ሲጮህ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ፣ ዝም ይላል።»

ፈትያ የያዘችውን ካርቶን መሬት አስቀመጠች። «ምን ያደርጉበታል?»

«ዘይት። የሞተር ዘይት። በር ሲጮህብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«በር እንዲንሸራተት ነው የሚፈለገው፣ ጋሼ! ፍሬን እንዲይዝ ነው!»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ፈትያ ግን ተንበርክካ የስልኳን መብራት የፊት ጎማው ላይ አበራች። ብዙ ቆየች። ስትነሳ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«በዚህ ወደ ቤት አትሄዱም» አለች። «እትዬ፣ አንቺ ከፊት ግቢ። ሞተሩን እኔ እጭነዋለሁ።»

ሰብሐት ሊከራከር አፉን ሲከፍት እኔ ፒካፑ ውስጥ ገብቼ ቀበቶዬን አስሬ ነበር።

ቤታችን ጓሮ ካለው የመኪና መጠለያ ሥር ሞተሩን አወረደችው። ጎማውን የሚያቆመው ብረት ክብ ሰሃን ይመስላል፤ ዲስክ ይሉታል። ሸራ የሚባለው በግራና በቀኝ ሆኖ ያንን ዲስክ የሚጨብጠው ነው። ፈትያ ይህን ለእኔ በጣቷ እያሳየች ነገረችኝ፤ ባሌም እያወቀው አብሮ ሰማ።

«ሸራው ከሁለት ሚሊ ሲሳሳ መቀየር አለበት» አለች። «መሀሉ ላይ ቦይ ነበረች፤ እሷ ስትጠፋ አልቋል ማለት ነው። የዚህኛው ቦይ ብቻ ሳይሆን ሸራውም የለም። በውጭ በኩል ጀርባው ያለው ብረት ነው ዲስኩን የሚፍቀው። በውስጥ በኩል የቀረችው ትንሽ ደግሞ ዘይት ጠጥታለች።»

«በቤንዚን ታጥቦ አይለቅም?»

«አይለቅም። ከጠጣ ጠጣ። መጣል ነው።»

«አይጣልም» አለ ሰብሐት። «ማንም አይነካውም።»

ፈትያ ወደ እኔ አየች። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ። ፍፁም ከማረፉ በፊት በነበረው እሑድ፣ እዚሁ መጠለያ ሥር፣ እነዚያን ሸራዎች በገዛ እጁ አስሯቸዋል። አባቱ ባትሪ ይዞ ያበራለት ነበር። አባትና ልጅ አብረው የሠሩት የመጨረሻ ሥራ እሱ ነው።

«ልብሱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠን» አለ ሰብሐት። «አልጋውን ሰጠን። ጫማውን እንኳ ሰጠን። እሺ፣ ወግ ነው። ይሄን ግን አልሰጥም።»

«ማን ስጥ አለህ... አለዎት? ፈትቼ እሰጥዎታለሁ፣ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። ከፎቶው ጎን።»

«መደርደሪያ ላይ ሲሆን ብረት ነው። እዚህ ሲሆን ሥራ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ቀይ መብራት ላይ ስይዘው፣ የሚያቆመኝ እሱ ነው። ይገባሻል?»

ሐዘን የደረሰበት ሰው ይህን ንግግር ሞኝነት አይለውም። እኔም አላልኩትም። እኛ አገር ሐዘንተኛን አጽናና እንጂ ተከራከረው ተብለን አላደግንም፤ ዘመድ አዝማድ መጥቶ «በርታ» ይልና ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው እንዴት እንደሚበረታ ለብቻው ይፈልጋል። ሰብሐት ያገኘው መንገድ ይህ ነበር። ችግሩ መንገዱ አስፋልት ላይ መሆኑ ነው።

ፈትያ እጇ ጥቁር ስለነበር ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ድምፅዋም ዝቅ አለ።

«ጋሼ፣ እኔም ናፍቆኛል። ግን እኮ ዛሬ አላቆመህም።»

ሰብሐት «እርስዎ በይ» አላላትም።

«ባያቆመኝስ?» አለ። «አሁን እኔ ምን ይቀርብኛል?»

ነገሩ ሸራው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታየኝ። ባሌ ዘይት የሚጨምረው ጩኸቱ እንዳይሰማው ነው፤ ጩኸቱ ደግሞ «ተጠንቀቅ» የሚል ነበር፤ እሱ መጠንቀቅ አልፈለገም። አንዱን ቀብሬ ሁለተኛው ደጃፌ ላይ ሲሰናበተኝ እየሰማሁ ነው። ተነስቼ ፊቱ ቆምኩ።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺማ...»

«እኔን ተወኝ። ጠዋት ከኋላህ ተቀምጬ ነበር፤ እኔንም ረስተኸኝ ነበር፤ ይሁን። ያቺን ሴት ግን አየሃት? ባለ ጋሪዋን? አንድ ክንድ ነው የቀረን፣ ሰብሐት። ፍሬን ለነጂው ብቻ የተሠራ መሰለህ? ከፊቱ ለሚያልፈው ሰው ነው። አንተ መቆም ባትፈልግ፣ ያ ልጅ ምን አደረገህ? እኔና አንተ ዓመት ሙሉ የለበስነውን ከል ለሌላ እናት ልታለብሳት ነው? በልጄ ሞተር?»

ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ሣር ማጨጃ ይጮሃል። ሰብሐት ከመጠለያው ምሰሶ ሥር ካለው ባልዲ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን አየ፤ ከዚያ ፈትያን አያት።

«ልጁ ሲስቅ አይቼዋለሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «የትኛው ነው ጥሩው ሸራ?»

ፈትያ እንደምታለቅስ ሆና ሳቀች። «ኦኬ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ የሚባል የለም፤ ለአነዳድዎ የሚሆን ነው ያለው። አንደኛው ከቃጫ መሰል ክርና ከሙጫ የሚሠራ ነው። ለስላሳ ነው፣ አይጮህም፣ ለዲስኩ ይራራል፤ ግን ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብም ይሰንፋል። ሌላው የብረት ብናኝ ተጠቅጥቆ ነው የሚሠራው። እሱ ዝናብም ሙቀትም አይበግረውም፣ ብዙ ይቆያል፤ ዲስኩን ግን ይበላል። መሀከለኛም አለ።»

«ፍፁም የትኛውን ነበር ያሰረው?»

«ለስላሳውን። እሱ እኮ ፀሐይ ካልወጣ አይነዳም ነበር። እርስዎ በዝናብም በጭጋግም ሥራ ይሄዳሉ። ለእርስዎ የሚሆነው እሱ ለራሱ የመረጠው አይደለም።»

ሰብሐት ይህችን ነገር ደጋግሞ ሲያላምጣት አየሁት። «ዲስኩን ይበላል አልሽ» አለ ግን፤ ያለ ክርክር አይሸነፍም።

«የሞተሩ መመሪያ ይፈቅዳል፣ አይቼዋለሁ። ዲስኩንም ለክቼዋለሁ፤ ቢቧጨርም ውፍረቱ ገና በቂ ነው። ሁለቱንም ሸራ ባንዴ ነው የምንቀይረው፤ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ማድረግ የለም።»

«እኔ እንደውም የፊቱን ፍሬን ብዙ አልወደውም። ነቀምት የፊቱን የያዘ ሰው ተገልብጦ ነበር የሚገኘው።»

«ነቀምት ጭቃ ነበር፣ ጋሼ። ይሄ የሜሞሪያል ድራይቭ መንገድ ነው። አስፋልት ላይ ከግማሽ በላይ የሚያቆመው የፊቱ ነው። ቀስ ብለው ይጭኑታል እንጂ አንዴ አይጨብጡትም።»

«ነቀምትን ለምን ትሰድቢያለሽ?»

«አልሰደብኩም! ጭቃውን ነው!»

ከብረት ብናኝ የሚሠራውን ሸራ ያን ዕለት ከሰዓት ሎረንስቪል ካለ የሞተር ዕቃ ሱቅ ገዙት። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፈትያ መጠለያው ሥር ትጠብቀን ነበር። መፍቻውን ለሰብሐት ሰጠችው እንጂ ራሷ አልፈታችም።

ቡሎኖቹን እሱ ፈታ። ሁለቱ አሮጌ ሸራዎች መዳፉ ላይ ሲወድቁ ጨበጣቸው፤ ፈትያም እኔም ወደ ሌላ አየን። ከዚያ ጃኬቱ ኪስ ከተታቸውና፣ «ቀጥሎስ?» አለ። ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ጠርጋ በቀስታ ወደ ውስጥ እንዲመልሰው ነገረችው፤ የፍሬን ዘይቱ ከላይ እንዳይፈስ ዕቃውን እያየች። ዲስኩን በማጽጃ ጠረጉት። አዲሱን ሸራ ሲያስገባ «ፊቱን በጣትዎ አይንኩት፣ ቅባት አይወድም» ስትለው፣ «ገባኝ፣ ዘይት አልጨምርበትም» አላት። ቡሎኑን የጥብቀቱን ልክ በሚያሳየው መፍቻ አጠበቁት። ሊነሳ ሲል እጁን ያዘችው፦ መጀመሪያ የፍሬኑን መያዣ እስኪጠነክር ደጋግሞ መጫን አለበት፤ ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እጁ ባዶ ይጨብጣል። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ድረስም ለተወሰነ ጊዜ በዝግታ እየነዱ፣ በልኩ እየያዙ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ሰብሐት ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮ መጣ። እፊታችን ሲቆም ድምፅ አልነበረም።

ይህን የጻፍኩት እንደኛ ሐዘን ለገባበት ቤት ነው። የሟች ልብስ ለሌላ የሚሰጠው የሚለብሰው ሰው ስላለ ነው። ያለቀ ነገር ግን ለማንም አይሆንም፤ ይዘነው ስንዞር እኛንም ሌላውንም ይጎዳል። ሸራ የሚሠራው እንዲያልቅ ነው፤ ልጄም ሲያስረው ያንን ያውቅ ነበር፤ ከሱ በፊት የነበረውን ፈትቶ የጣለው ራሱ ነው። ሞተር ላላችሁ ደግሞ፣ ወር በወር ጎንበስ ብላችሁ በመብራት እዩት፤ ሲጮህ ስሙት፤ አታፍኑት። በጊዜው የተቀየረ ሸራ ዲስኩን ያድናል፣ በዝናብ ቀን ያቆማል፣ በመንገዳችሁ ላይ የሚያልፈውን የማታውቁትን ሰው ወደ ቤቱ ያስገባል። የማታውቁትን ነገር ልጅ ቢነግራችሁም ተቀበሉት፤ «አንተ» እያለም ቢሆን።

ሰብሐት ባለፈው ጥቅምት በሳምባ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ዐረፈ። እስከዚያ ድረስ የፊቱን ሸራ አንድ ጊዜ ደግሞ ቀይሮታል። ለብቻው ነው የቀየረው፤ አሮጌውንም ማክሰኞ ከሚወጣው ቆሻሻ ጋር ጣለው።